የአንድ የፐርል ሞጁል የተጫነው ስሪት ስንት እንደሆነ በትክክል ለማወቅ

በምሠራበት ቦታ ከዳታቤዝ እያነበበ ሪፖርት የሚያወጣ አንድ የፐርል ፕሮግራም ነበረን። ቀን እኔ በእጄ ሳስነሳው ያለ እንከን ይሠራል፤ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ክሮን (ፕሮግራሞችን በተወሰነላቸው ሰዓት በራሱ የሚያስነሳው አገልግሎት) ሲያስነሳው ግን ገና ከጅምሩ ይቆማል። ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው የዲቢአይ ሞጁል ስሪት ስንት እንደሆነ ስንጠያየቅ እኔ 1.643 ነው አልኩ፤ ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ባልደረባዬ ደግሞ 1.627 ነው አለ። ሁለታችንም በዓይናችን ያየነውን ነበር የተናገርነው፣ ሁለታችንም ልክ ነበርን። በዚያ ማሽን ላይ ሁለት ዲቢአይ ነበረ፤ አንዱ ከሲስተሙ ጋር የመጣው፣ ሌላው እኔ ከወራት በፊት በራሴ የቤት ፎልደር ውስጥ ጭኜ የረሳሁት። ይህን እስክንረዳ ድረስ ሁለት ሌሊት ሪፖርት ሳይወጣ አደረ፤ ጠዋት ቁጥሩን የሚጠብቁት ሰዎች ባዶ እጃቸውን ዋሉ።

ከዚያ በኋላ «የዚህ ሞጁል ስሪት ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ሙሉ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ሙሉው ጥያቄ «ይህን ፕሮግራም የሚያስኬደው ፐርል፣ ፕሮግራሙ በሚነሳበት ተጠቃሚ ስም ሲነሳ፣ የትኛውን ፋይል ያነባል? በዚያ ፋይል ውስጥ የተጻፈው ስሪትስ ስንት ነው?» የሚል ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ጥያቄ እንዴት እንደምንጠይቅ የሚያስረዳ ነው።

ስለ ትዕዛዞቹ አጻጻፍ አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። እዚህ የማስቀምጣቸው በስልክ ለራቀ ባልደረባ እንደሚነገሩት በድምፃቸው ነው፤ ተርሚናል ላይ ግን ሁሉም በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። ፐርል ትልቁንና ትንሹን ፊደል ስለሚለይ፣ ትልቅ ፊደል የሚያስፈልግበትን ቦታ በስሙ እጠራዋለሁ፤ ካልጠራሁት ትንሹ ነው ማለት ነው።

ስሪቱ የሚኖረው የት ነው

ፐርል የተጫኑ ሞጁሎችን ስሪት ሁሉ አንድ ላይ የሚይዝ መዝገብ የለውም። ሞጁል ማለት ስሙ በነጥብ ፒኤም የሚያልቅ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ስሪቱም በዚያው ፋይል ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ባሉት ጥቂት መስመሮች ላይ፣ ቨርዥን ተብሎ በትልልቅ ፊደላት በሚጠራ ተለዋዋጭ ውስጥ ይቀመጣል። በ2010 ከወጣው ፐርል 5.12 ጀምሮ ደግሞ ደራሲው ከፈለገ ቁጥሩን ፓኬጅ በሚለው መስመር ላይ ከሞጁሉ ስም አጠገብ ሊጽፈው ይችላል፤ ያም ቢሆን ፐርል ራሱ ያንኑ ተለዋዋጭ ይሞላዋል። ስሪት መጻፍ ልማድ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። ለራሳቸው መሥሪያ ቤት ሞጁል የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይተዉታል፣ በኋላም በዚህ የሚቸገሩት ራሳቸው ናቸው።

ስለዚህ ስሪትን መጠየቅ ማለት ፐርልን «ይህን ፋይል ክፈተውና በዚህ ተለዋዋጭ ውስጥ ያለውን አሳየኝ» ማለት ነው።

ዋናው ትዕዛዝ

ተርሚናል ይክፈቱ። ፐርል ብለው ይጻፉ፣ ክፍተት ይተዉ። ቀጥሎ ዳሽ፣ ትልቁ ኤም፣ ከኤሙ ጋር ሳይለያይ የሞጁሉ ስም፤ ለምሳሌያችን ዲ፣ ቢ፣ አይ፣ ሦስቱም በትልቁ ፊደል። ክፍተት። ዳሽ፣ ኤል፣ ኢ። ክፍተት። ነጠላ ጥቅስ ይክፈቱ፤ በውስጡ ፕሪንት፣ ክፍተት፣ የዶላር ምልክት፣ ወዲያው ዲቢአይ በትልቁ፣ ሁለት ኮለን፣ ቨርዥን ሙሉ በሙሉ በትልልቅ ፊደላት። ነጠላ ጥቅሱን ይዝጉ፤ ኢንተር ይጫኑ። ሞጁሉ ካለ ስክሪኑ ላይ 1.643 ወይም እሱን የመሰለ ቁጥር ብቻውን በአንድ መስመር ይወጣል።

እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ሥራ አለው። ትልቁ ኤም ፐርል ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሞጁሉን እንዲጭን ያዘዋል፤ በፕሮግራም ውስጥ ዩዝ ዲቢአይ ብሎ ከመጻፍ አይለይም። ኢ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ጽሑፍ እንደ ፕሮግራም እንዲያስኬደው ይነግረዋል። ኤል በውጤቱ መጨረሻ ላይ አዲስ መስመር ይጨምራል፤ እሱ ባይኖር ቁጥሩ ከተርሚናሉ መጠበቂያ ምልክት ጋር ተጣብቆ ይወጣና 1.643 የሚለውን ከተጠቃሚው ስም ለመለየት ዓይን ይቸገራል። የሁለቱ ቅደም ተከተል መጠበቅ አለበት፤ ኢ ከኤል ከቀደመ ፐርል ኤልን ራሷን እንደ ፕሮግራም ይቆጥራታል።

ነጠላ ጥቅስ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በሊኑክስና በማክ ላይ ድርብ ጥቅስ ከተጠቀሙ ከፐርል በፊት ሼሉ (በተርሚናሉ ውስጥ ትዕዛዝ ተቀባዩ ፕሮግራም) የዶላሩን ምልክት አይቶ የራሱ ተለዋዋጭ ይመስለዋል፤ ባዶ ሆኖ ስለሚያገኘውም ይደመስሰዋል፣ ፐርል ዘንድ የሚደርሰውም የተቆረጠ ጽሑፍ ይሆናል። በዊንዶውስ የትዕዛዝ መስኮት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ነጠላ ጥቅስ እንደ ጥቅስ ስለማይቆጠር፣ በስትሮውቤሪ ፐርል የሚሠራ ሰው ድርብ ጥቅስ ይጠቀም።

አማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች የተለየ ማሳሰቢያ አለኝ። ብዙ ሞጁሎች ስማቸው በሁለት ኮለን የተከፈለ ነው፤ የግዕዝ ፊደልን በቤቱና በዘሩ ለመፈለግ የሚረዳው ሬጅኤክስፕ ኢትዮፒክም እንዲሁ በሁለቱ ቃላት መካከል ሁለት ኮለን አለው። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳለ ኮለን ሁለት ጊዜ ከተጫነ ብዙ የአማርኛ መጻፊያዎች ሁለቱን አዋህደው አራት ነጥብ ያደርጓቸዋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ከተጫነ ደግሞ የግዕዙ ሁለት ነጥብ ይወጣል። በስክሪን ላይ በተለይ በትንሽ ፊደል «፡» እና «:» እጅግ ይመሳሰላሉ፤ ለፐርል ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፣ የማያውቀው ምልክት እንዳጋጠመው ተናግሮም ይቆማል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬን በስልክ ሳስጽፍ ሩብ ሰዓት ያህል ትዕዛዙን ደጋግመን አንብበን ምንም ስህተት ያጣንበት ጊዜ ነበር፤ በመጨረሻ የስክሪኑን ፎቶ ስትልክልኝ ነው በስሙ መካከል አራት ነጥብ ተቀምጦ ያየሁት። ከመጀመርዎ በፊት ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱ፤ ትዕዛዙን ከሌላ ቦታ ከገለበጡት ደግሞ ጥቅሶቹ የተጠማዘዙት የማተሚያ ቤት ጥቅሶች አለመሆናቸውን ይመልከቱ።

መልሱ ቁጥር ካልሆነ

ባዶ መስመር ከወጣ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ሞጁሉ በትክክል ተጭኗል፣ ደራሲው ግን ስሪት አልጻፈለትም፤ አልያም ከዶላሩ ምልክት በኋላ የተጻፈው ስም በኤም በኩል ከተጠራው ስም ጋር አይገጥምም። ሁለቱን የሚለይ አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። ዳሽ ትልቁ ኤም ካሉ በኋላ በጥቅስ ውስጥ የሞጁሉን ስም፣ ክፍተት፣ ከዚያም 9999 የሚል ቁጥር ይጻፉ፤ ጥቅሱን ዘግተው ዳሽ ኢ እና 1 ያስከትሉ። ፐርል ከ9999 ያላነሰ ስሪት እየተጠየቀ ስለሚመስለው «ዲቢአይ ስሪት 9999 ይፈለጋል፣ ይህ ግን 1.643 ብቻ ነው» የሚል ትርጉም ያለው የስህተት መልእክት በእንግሊዝኛ ይሰጣል። እዚህ ላይ የሞጁሉን ስም የምንጽፈው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ የመሳሳቻው ቦታ ይቀንሳል፤ የዶላር ምልክትም ስለሌለ የጥቅሱ ጣጣ ይቀራል። ሞጁሉ በእርግጥ ስሪት ከሌለው ደግሞ መልእክቱ የስሪት ተለዋዋጭ እንዳልተሰየመለት በግልጽ ይናገራል። በስልክ ለሚረዳ ሰው እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

«ሎኬት ማድረግ አልተቻለም» የሚል ትርጉም ያለው መልእክት ከመጣ ፐርል ፋይሉን በሚያውቃቸው ፎልደሮች ሁሉ ፈልጎ አላገኘውም። ይህ መልእክት የፈለገባቸውን ፎልደሮች ጭምር ስለሚዘረዝር እስከ መጨረሻው ይነበብ፤ ሞጁሉ በሌላ ፎልደር ተቀምጦ የዝርዝሩ አካል አለመሆኑ ብዙ ጊዜ እዚሁ ላይ ይታያል። የስሙን ትልቅና ትንሽ ፊደልም እንደገና ያመሳክሩ፤ የፖስትግሬስ አገናኝ የሆነው ዲቢዲ ፒጂ ዲቢዲው በትልቁ፣ ፒ በትልቁ፣ ጂ ግን በትንሹ ነው የሚጻፈው፣ ሦስቱንም ፊደላት የሚያስታውሱ ሰዎች እንኳ ጂ ላይ ይስታሉ።

አልፎ አልፎ ደግሞ ከቁጥር ይልቅ የማይነበብ ምልክት ወይም ባዶ የሚመስል ነገር ይወጣል። ይህ የሚሆነው ደራሲው ስሪቱን ያለ ጥቅስ ከትንሿ ቪ ጋር በነጥብ ለያይቶ፣ ለምሳሌ ቪ 1.2.3 ብሎ፣ የጻፈው እንደሆነ ነው፤ ፐርል ያንን በውስጡ የሚይዘው እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ሦስት የማይታዩ ቁምፊዎች ነው። በዚህ ጊዜ በጥቅሱ ውስጥ የዶላሩን ምልክትና ሁለቱን ኮለኖች ትተው የሞጁሉን ስም፣ ከዚያ ዳሽና የመብለጫ ምልክት ገጥመው የሚሠሩትን ፍላጻ፣ ከዚያ ቨርዥን በትልልቅ ፊደላት ይጻፉ። እንዲህ ሲጠየቅ ፐርል ስሪቱን ሰው በሚያነበው መልክ ይመልሳል።

የትኛው ፋይል ነው የመለሰው

ቁጥሩን ካገኘን በኋላ ብዙ መመሪያዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ የእኛ ሁለት ሌሊት የባከነው ግን በትክክል ከዚህ ቀጥሎ ባለው ምክንያት ነው። ፐርል የጫነውን የእያንዳንዱን ሞጁል ሙሉ የፋይል አድራሻ ኢንክ በሚባል ሰንጠረዥ ውስጥ ይመዘግባል። ስለዚህ ያንኑ ዋናውን ትዕዛዝ ይጻፉና በጥቅሱ ውስጥ ያለውን ብቻ ይለውጡ፤ ፕሪንት፣ የዶላር ምልክት፣ ኢንክ በሦስት ትልልቅ ፊደላት አይ፣ ኤን፣ ሲ፣ ከዚያ በተጠማዘዘ ቅንፍ ውስጥ በድርብ ጥቅስ የፋይሉ ስም፣ ዲቢአይ በትልቁ፣ ነጥብ ፒኤም። በሞጁሉ ስም ውስጥ ሁለት ኮለን ካለ እዚህ በአንድ ስላሽ ይተካል። የሚወጣው መልስ ስሪቱ የተነበበበት ፋይል ሙሉ አድራሻ ነው። በአድራሻው ውስጥ «ሆም» የሚል ካለ የአንድ ሰው የግል ጭነት ነው፤ «ዩኤስአር» ከዚያም «ሎካል» የሚል ካለ አስተዳዳሪው ከሲፓን (የፐርል ሞጁሎች ከሚወርዱበት የኢንተርኔት ማከማቻ) ያወረደው ሊሆን ይችላል፤ «ሎካል» የሌለው «ዩኤስአር» ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሲስተሙ ፓኬጅ ጋር የመጣው ነው። ይህን አድራሻ ከስሪቱ ጋር አብሮ መመዝገብን ልማድ ብታደርጉት ብዙ ክርክር ይቀራል። ፐርልዶክ የሚባለው ትዕዛዝም ዳሽ ኤል ተጨምሮለት የሞጁሉ ስም ቢሰጠው አድራሻ ይመልሳል፤ ሆኖም እሱ የሚፈልገው መመሪያ የተጻፈበትን ፋይል ስለሆነ መመሪያው ከኮዱ ተለይቶ በተቀመጠ ጊዜ ሌላ ፋይል ሊያሳይ ይችላል፤ ስለዚህ ከሰንጠረዡ መልስ ጋር ሲለያይ ሰንጠረዡን እመኑ።

ፐርል ሞጁል የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ተራ አላቸው፤ ከላይ ጀምሮ ይሄዳል፣ ስሙ የገጠመለትን የመጀመሪያውን ፋይል አንሥቶ ሌላውን ዞር ብሎ አያይም። ተራውን ለማየት ፐርል፣ ክፍተት፣ ዳሽ፣ ትልቁ ቪ ይጻፉ፤ የሚወጣው ጽሑፍ ረጅም ነው፣ የፎልደሮቹ ዝርዝር ከመጨረሻው ላይ ይገኛል። በደቢያንና በኡቡንቱ ላይ በሎካል ሥር ያሉት ፎልደሮች ከሲስተሙ ፎልደሮች ይቀድማሉ፤ በመሆኑም ከሲፓን የተጫነ ሞጁል በአፕት (በሲስተሙ ፓኬጅ ማናጀር፣ ማለትም ፕሮግራም ጫኝ) የተጫነውን ይሸፍነዋል። ፐርል ፋይቭ ሊብ በሚባለው የአካባቢ ተለዋዋጭ (ሼሉ ለሚያስነሣቸው ፕሮግራሞች የሚያስተላልፈው ቅንብር) ውስጥ የተጻፉ ፎልደሮች ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ቀድመው ይታያሉ። በራሱ የቤት ፎልደር በሎካል ሊብ የሚጭን ሰው፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ የሚጠቀመው ይህን ተለዋዋጭ ነው።

በማሽኑ ላይ ስንት ቅጂ እንዳለ ማወቅ ከፈለጉ ፋይንድ፣ ክፍተት፣ ስላሽ፣ ክፍተት፣ ዳሽ ኔም፣ ክፍተት፣ ዲቢአይ በትልቁ፣ ነጥብ ፒኤም ብለው ይፈልጉ። ትንሽ ጊዜ ይወስዳል፣ ፈቃድ የተከለከሉ ፎልደሮችንም እያማረረ ይዘረዝራል፤ ነገር ግን ሊያነባቸው በሚችላቸው ፎልደሮች ውስጥ የተደበቀ ቅጂ አያመልጠውም።

የትኛው ፐርል፣ በማን ስም

በአንድ ማሽን ላይ ከአንድ በላይ ፐርል መኖሩ የተለመደ ነው። ሲስተሙ የራሱ አለው፤ በፐርልብሪው (ተጨማሪ ፐርሎችን በቤት ፎልደር በሚጭነው መሣሪያ) የሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ሁለት ሦስት ሊኖረው ይችላል፣ እያንዳንዱም የየራሱ ሞጁሎች አሉት። ዊች፣ ዳሽ ኤ፣ ፐርል ብለው ቢጠይቁ በመንገዱ (ሼሉ ትዕዛዞችን በሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ላይ ያሉትን ሁሉ በተራቸው ያሳያል። ፕሮግራሙ የሚነሳበትን ለማወቅ ግን የፕሮግራሙን ፋይል ከፍተው የመጀመሪያውን መስመር ይመልከቱ። እዚያ ላይ የሲስተሙ ፐርል ሙሉ አድራሻ ከተጻፈ ፐርል ብቻ ብለው የጠየቁት ጥያቄ ለሌላ ሰው የቀረበ ጥያቄ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከላይ ባሉት ትዕዛዞች ሁሉ ፐርል በሚለው ፈንታ ያንን ሙሉ አድራሻ ይጻፉ። በመጀመሪያው መስመር ላይ ኢንቭ ፐርል የሚል ካለ ደግሞ የሚነሳው በጊዜው በመንገዱ ላይ ቀድሞ የተገኘው ነው፤ ያም ከሰው ሰው ይለያያል።

በክሮን የሚነሳ ፕሮግራም እኛ ስንገባ የሚነበቡልንን የሼል ፋይሎች አያነብም። ፐርል ፋይቭ ሊብ አይኖረውም፣ መንገዱም አጭር ነው። የእኛ ሪፖርት ሌሊት ሌሊት ይቆም የነበረው በዚህ ነው፤ ቀን እኔ ሳስነሳው ከቤቴ ፎልደር 1.643ን ያገኛል፣ ሌሊት ግን ከሲስተሙ 1.627ን። ይህን ሁኔታ ቀን ላይ ሆኖ ለመፈተን ኢንቭ፣ ክፍተት፣ ዳሽ አይ፣ ክፍተት፣ ከዚያ የፐርሉን ሙሉ አድራሻና የቀረውን ትዕዛዝ ይጻፉ፤ ዳሽ አይ የአካባቢ ተለዋዋጮቹን ሁሉ ባዶ አድርጎ ስለሚያስነሳው መልሱ ክሮን ከሚያየው ጋር እጅግ ይቀራረባል። ፕሮግራሙ በሌላ ተጠቃሚ ስም የሚሮጥ ከሆነ ሱዱ፣ ዳሽ ዩ፣ የተጠቃሚውን ስም አስቀድመው ያስገቡ። እኛ ይህን በሞከርንበት ቅጽበት 1.627 የሚለው ቁጥር በእኔው ተርሚናል ላይ ወጣ፤ ክርክሩም እዚያው አለቀ።

ሞጁሉን ሳይጭኑ ማንበብ

እስካሁን ያልናቸው ትዕዛዞች ሞጁሉን ጭነው፣ ማለትም ኮዱን አስኪደው ነው የሚጠይቁት። አንዳንዴ ይህ አይቻልም። ዲቢዲ ፒጂ ለምሳሌ በሲ የተጻፈ ክፍል ስላለው የፖስትግሬስ ደንበኛ ላይብረሪ ከጠፋ አልጫን ብሎ ይቆማል፤ እኛ ግን ስሪቱን ማወቅ የምንፈልገው ለምን አልጫን እንዳለ ለመመርመር ነው። ለዚህ ሞጁል ሜታዴታ የሚባለው ሞጁል አለ፤ በ2011 ከወጣው ፐርል 5.14 ጀምሮ ከፐርል ጋር አብሮ ይመጣል። ፋይሉን እንደ ጽሑፍ አንብቦ የስሪቱን መስመር ብቻ ነጥሎ ያወጣል። በኤም በኩል እሱን ጠርተው በጥቅሱ ውስጥ ፕሪንት፣ ሞጁል ሜታዴታ ሁለቱ ቃላት በትልቅ ፊደል ጀምረው በሁለት ኮለን ተገናኝተው፣ ፍላጻ፣ ኒው ፍሮም ሞጁል በታችኛው ሰረዝ ተያይዞ፣ በቅንፍ ውስጥ በድርብ ጥቅስ የሚፈልጉት ሞጁል ስም፣ ፍላጻ፣ ቨርዥን በትንሹ ፊደል ይጻፉ። በፋይንድ ያገኙትን አንድ የተወሰነ ቅጂ መጠየቅ ከፈለጉ ኒው ፍሮም ፋይል ብለው በቅንፉ ውስጥ የፋይሉን አድራሻ ይስጡ።

በሲ ክፍል ያላቸው ሞጁሎች ላይ አንድ ሌላ የስህተት መልእክት ሊመጣ ይችላል፤ የኦብጀክቱ ስሪት ከቡትስትራፕ ፓራሜትር ጋር አይገጥምም የሚል። ይህ ማለት የፒኤም ፋይሉ ከአንዱ ጭነት፣ የተጠናቀረው ላይብረሪ ከሌላው ጭነት ተገኝተዋል ማለት ነው። መልእክቱ ሁለቱንም ቁጥሮች ይናገራል። መድኃኒቱ አንዱን ጭነት ማስወገድ ነው፤ እንደገና በላዩ ላይ መጫን ብዙ ጊዜ ያባብሰዋል።

የዳታቤዝ ሰዎች ደግሞ ዲቢአይ ራሱ ያዘጋጀላቸው አቋራጭ አላቸው። በጥቅሱ ውስጥ ዲቢአይ በትልቁ፣ ፍላጻ፣ ኢንስቶልድ ቨርዥንስ በታችኛው ሰረዝ ተያይዞ ቢጻፍ የፐርሉን፣ የዲቢአዩንና የተጫኑትን አገናኞች ሁሉ ስሪት በአንድ ሰሌዳ ያወጣል።

ፓኬጅ ማናጀሩን መጠየቅ

በደቢያንና በኡቡንቱ ዲፒኬጂ ዳሽ ኤል፣ ከዚያ የፓኬጁ ስም። ስሙ የሚሠራው ሊብ ከፊት፣ ዳሽ ፐርል ከኋላ ተጨምሮ ነው፤ ዲቢአይ ሊብዲቢአይ ዳሽ ፐርል ይሆናል፣ ዲቢዲ ፒጂ ደግሞ ሊብዲቢዲ ዳሽ ፒጂ ዳሽ ፐርል። በሬድ ሃትና በፌዶራ አርፒኤም ዳሽ ኪው፣ ከዚያ ፐርል ዳሽ ዲቢአይ፣ ዲቢአዩ በትልቁ። የሚመጣው ቁጥር 1.643 ዳሽ 3 የመሰለ ሊሆን ይችላል፤ ከዳሹ በፊት ያለው የሞጁሉ ስሪት ነው፣ ከኋላ ያለው ፓኬጁን ያዘጋጁት ሰዎች የማሻሻያ ቁጥር ነው። ይህ የኋላው ቁጥር ቀላል ነገር አይደለም። የሥርጭቱ አዘጋጆች የደኅንነት ቀዳዳ ሲደፍኑ ብዙ ጊዜ ሞጁሉን ወደ አዲስ ስሪት አያሻግሩትም፤ ጥገናውን በአሮጌው ላይ ይለጥፉና የኋላውን ቁጥር ብቻ ይጨምራሉ። ስለዚህ ጥያቄው «ይህ ሞጁል እንዲህ ያለ ሥራ ይችላል ወይ?» ከሆነ ፐርልን ይጠይቁ፤ «ይህ ቀዳዳ ተደፍኗል ወይ?» ከሆነ ግን የፐርሉ ቁጥር አይበቃም፣ ፓኬጅ ማናጀሩን መጠየቅ ይገባል። ፓኬጅ ማናጀሩ በበኩሉ ከሲፓን ወይም በቤት ፎልደር የተጫነውን ፈጽሞ አያውቅም፤ ባልደረባዬ 1.627 ያለው እሱን ጠይቆ ነበር።

ሲፓን የሚባለው ትዕዛዝ ዳሽ ትልቁ ዲ ተጨምሮለት የሞጁሉ ስም ቢሰጠው በእጅ ያለውንም በሲፓን ላይ ያለውንም ስሪት ጎን ለጎን ያሳያል። ሲፓን ኤም ዳሽ ዳሽ ኢንፎ ግን የሚናገረው በሲፓን ላይ ስላለው የመጨረሻ ስሪት ብቻ ነው፤ በማሽኑ ላይ ስላለው ምንም አይልም። ይህን ቁጥር ወስደው «ተጭኖልናል» ብለው ሪፖርት የጻፉ ሰዎች አይቻለሁና አደራ እላለሁ። ኮርሊስትም እንዲሁ የትኛው የፐርል ስሪት ከየትኛው የሞጁል ስሪት ጋር ታትሞ እንደወጣ የሚነግር ነው፤ ዲስኩን አያይም።

ጽሑፍ በግዕዝ ፊደል ለሚያቀናብሩ አንድ ተጨማሪ ቁጥር ልጠቁም። ፐርል የሚያውቃቸው ፊደላት ስፋት የሚወሰነው በፐርሉ ውስጥ በተካተተው የዩኒኮድ ስሪት ነው፣ በሞጁሎች አይደለም። ዩኒኮድ ዩሲዲ የሚባለውን ሞጁል ጠርተው ዩኒኮድ ቨርዥን የሚለውን ፈንክሽኑን ከነሙሉ ስሙ ካስከተሉት ቁጥሩን ይመልሳል። ለጉራጌ ቋንቋዎች ከታከሉት ፊደላት አዲሶቹ ወደ ዩኒኮድ የገቡት በ2021 በስሪት 14.0 ነው፤ ያንን የያዘው ፐርል ደግሞ በ2022 የወጣው 5.36 ነው። ከዚያ ያነሰ ፐርል ላይ እነዚህ ፊደላት እንደ ፊደል አይቆጠሩም፣ የትኛውም ሞጁል ቢታደስ።

ቁጥሮቹን ማወዳደር

1.9 ይበልጣል ወይስ 1.10? መልሱ በአጻጻፉ ይወሰናል። አንድ ነጥብ ብቻ ያለውን ስሪት ፐርል እንደ ተራ የአስርዮሽ ቁጥር ያነበዋል፤ ስለዚህ 1.9 ከ1.10 ይበልጣል። በፊቱ ቪ ያለውን ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ነጥቦች ያሉትን ግን ክፍል በክፍል ያነበዋል፤ ስለዚህ ቪ 1.9 ከቪ 1.10 ያንሳል። ጥርጣሬ ካለ በዓይን አይፍረዱ፤ ቨርዥን የሚባለው ሞጁል ፓርስ በሚለው መንገዱ ሁለቱንም አንብቦ በትክክል ያወዳድራቸዋል። በቁጥሩ ውስጥ የታችኛው ሰረዝ ካዩ ደግሞ ያ ስሪት ደራሲው ለሙከራ ያወጣው ነው፤ በአገልግሎት ላይ ባለ ሰርቨር ሲገኝ ማን ለምን እንደጫነው መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጥያቄውን ለፕሮግራሙ መስጠት

ከዚያ ሌሊት በኋላ በፕሮግራሞቼ ሁሉ አናት ላይ ዩዝ ዲቢአይ ከማለት ይልቅ ዩዝ ዲቢአይ 1.643 ብዬ እጽፋለሁ። ያነሰ ስሪት ካገኘ ሥራውን ሳይጀምር፣ የተፈለገውንና የተገኘውን ቁጥር ጠርቶ ይቆማል፤ ይህ «ቢያንስ» ማለት እንጂ «ልክ ይህን ብቻ» ማለት አይደለም። በተጨማሪም ፕሮግራሙ ሲነሳ የዲቢአይን ስሪትና የኢንክ ሰንጠረዡን አድራሻ በሎግ ፋይሉ ላይ ሁለት መስመር አድርጎ እንዲጽፍ አደርጋለሁ።

የሎጉ መስመር የሚረዳው ለክሮን ብቻ አይደለም። ለቀናት ሳይጠፉ የሚሮጡ የዌብ አገልግሎቶች፣ በሞድ ፐርል ወይም በሌላ መንገድ የሚሠሩት፣ ሞጁሉን አንድ ጊዜ ወደ ሜሞሪ ከጫኑት በኋላ ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ቢለወጥም የሚሠሩት በአሮጌው ነው። አስተዳዳሪው ሞጁሉን ያድሳል፣ በተርሚናል ይጠይቃል፣ አዲሱን ቁጥር ያያል፤ አገልግሎቱ ግን እንደገና እስኪነሳ ድረስ በቀድሞው ይቀጥላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከተርሚናሉ ይልቅ የሚታመነው አገልግሎቱ ራሱ ሲነሳ በሎጉ ላይ የጻፈው መስመር ነው፤ የዚያ መስመር ሰዓት ከእድሳቱ ሰዓት የሚቀድም ከሆነ አገልግሎቱን እንደገና ያስነሡትና መስመሩን ዳግመኛ ያንብቡ።